ወንድሜ ካላዛር ይዞታል፤ አዲሱን መድኃኒት እንጠብቅ?

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ወንድሜ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ ትኩሳት ይዞት ተመለሰ። ወባ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ቢወስድም አልተሻለውም። ሰውነቱ መንምኖ ሆዱ ብቻ ተነፋ። አሁን ካላዛር መሆኑ ታውቆ ለ17 ቀን በየቀኑ ሁለት መርፌ ታዞለታል። ከዚህ በፊት የታከመ ጓደኛው የመርፌውን ሕመም ስለነገረው ፈርቷል። በሚዋጥ መድኃኒት የሚታከምበት አዲስ ግኝት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እስኪመጣ ብንጠብቅስ? (ከአዘዞ፣ እህቱ)

መልስ፦ እባክዎ አንድም ቀን አይጠብቁ። ካላዛር የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ሲሆን፣ ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል። የወንድምዎ ሆድ የተነፋው ጣፊያውና ጉበቱ ስላበጡ ነው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አስተኝቼ ስዳስስ ጣፊያው ከግራ ጎድን ሥር ወጥቶ እስከ እምብርት ወርዶ፣ ጠንክሮ በእጄ ይገኛል። ደሙ አንሷል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙም ወድቋል፤ በዚህ መሐል የሳንባ ምች ወይም የደም መፍሰስ ቢጨመርበት ለማዳን በጣም ይከብደናል።

የሰሙት ወሬ ግን እውነት አለው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ በተደረገና እኛው ጎንደርም በተሳተፈችበት ጥናት፣ ሚልቴፎሲን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን መርፌ ጋር ለ14 ቀን ተሰጥቶ ለወንድምዎ ከታዘዘው ከነባሩ የሁለት መርፌ ሕክምና ጋር ተነጻጽሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነው ውጤት፣ ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 91 ያህሉ ድነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ለወንድምዎ የታዘዘው ሕክምና ደካማ አይደለም። የአዲሱ ትርፍ ሌላ ነው፦ መርፌው በቀን አንድ ብቻ ይሆናል፣ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ የሚችለው ሌላው መርፌ፣ ስቲቦግሉኮኔት፣ ይቀራል፣ ከሕክምና በኋላ የሚወጣው የቆዳ ሽፍታም በጣም ይቀንሳል። መርፌው ግን ጨርሶ አልቀረም፤ የሚዋጠውም ያስመልሳል፣ ጽንስንም ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

በሚታከምበት ቦታ አዲሱ ካለ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ከሌለ ዛሬውኑ በታዘዘው ይጀምር።

ከመድኃኒቱ ምርጫ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የኤችአይቪ ምርመራ ነው። ተመርምሯል? በቆላ እርሻዎች ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው የሚገኙባቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ያ ጥናት እነርሱን አላካተተም፤ ሕክምናቸውም የተለየ ነው። ለእነርሱ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 የመከረው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን የተባለውን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ከሚልቴፎሲን ጋር ነው። ምርመራውን በሐፍረት መዝለል የተሳሳተ መድኃኒት ያስወስዳል።

በሕክምናው ጊዜ ልቡ በኃይል ከመታ፣ ሆዱን አጥብቆ ከቆረጠው ወይም ጆሮው ከጮኸ ነርሷን ያኔውኑ ጥሩ፤ እስኪነጋ አትቆዩ። ከዳነም በኋላ በሽታው ሊያገረሽ ስለሚችል በስድስተኛው ወር ክትትል አይቅር።

ወደ መተማ ከተመለሰም፣ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትነክሰው ከምሽት ጀምሮ ነውና በተሰነጣጠቀው የዋልካ መሬትና በግራር ሥር ያለ አጎበር አይተኛ። ሌላ ጊዜ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ሲገባም ከሁሉ አስቀድሞ «መተማ ነበርኩ፣ ካላዛርም ይዞኝ ያውቃል» ይበል፤ ያን ጊዜ ለወባ ብቻ መርምረው አይመልሱትም።