ጌም ላይ ጥናት ይሠራል ወይ?

በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የደረሱኝ ሦስት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ጌም ናቸው። አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። በመልሶቼ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ እማራለሁ፤ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በከተማችን ፕሌስቴሽን ቤቶች ላይ መሥራት ፈልጌ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ጨዋታ ደግሞ ምኑ ይጠናል?» አሉኝ። በእርግጥ እንዲህ ያለ ትምህርት አለ? ካለስ ከምን ልጀምር?
— ከፔዳ ግቢ

መልስ፦ አለ፣ እህቴ። ሳቃቸው አያስደንግጥሽ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጌምን ብቻ የሚያጠና የምርምር መጽሔት ኢንተርኔት ላይ መውጣት ጀምሯል። ዋና አዘጋጁ ኖርዌያዊው ኤስፐን ኦርሴት ያንን ዓመት የዘርፉ አንደኛ ዓመት ብሎ ነው የጠራው። በ2003 ደግሞ ዲግራ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በዚህ ዘርፍ ዶክትሬታቸውን የሠሩ ሰዎች ዛሬ ብዙ ናቸው።

«ጨዋታ ምኑ ይጠናል» ለሚሉሽ ግን መልሱ ከዚያም ይቀድማል። በ1938፣ ኮምፒዩተር በሰው እጅ ባልገባበት ዘመን፣ ሆላንዳዊው የታሪክ ምሁር ዮሃን ሆይዚንጋ ጨዋታ የባህል መሠረት ነው ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። ጨዋታ የራሱ ቦታ፣ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ሕግ አለው፤ የገባበት ሁሉ ለዚያ ሕግ ይገዛል አለ። ፍርድ ቤቱም፣ ግጥሙም፣ ጦርነቱም ውስጥ ጨዋታ አለ ብሎ ተከራከረ። እኛ ይሄን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። የድሮውን የሙግት ሥርዓት፣ በላ ልበልሃን አስቢው። ተሟጋቾቹ በግጥም ይፋለሙ፣ በቅሎ ይወራረዱ፣ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ሙግት ነው፣ ግን ጨዋታም ነው።

በዘርፉ ውስጥ የነበረውን ትልቅ ጭቅጭቅም ማወቅ አለብሽ። ቴትሪስን ታውቂዋለሽ፤ ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች መደርደር ነው፣ በ1984 ሞስኮ ውስጥ የተሠራ ጌም። አሜሪካዊቷ ጃኔት ሙሬይ በ1997 ባወጣችው መጽሐፍ ቴትሪስ ሥራ የበዛባቸውን የ1990ዎቹን አሜሪካውያን ኑሮ ያሳያል ብላ ጻፈች፤ አንዱን አስገባሁ ስትዪ ሌላው ይወርድብሻላ። ፊንላንዳዊው ማርኩ ኤስከሊነን በዚያው በ2001ዱ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ላይ ተነሣባት። ክሱ ጌሙን ራሱን ትታ የሌለ ታሪክ ትፈልግበታለች የሚል ነው። አንዱ ወገን ጌምን እንደ ልቦለድ እናንብበው ሲል፣ ሌላው የለም፣ ሕጉንና አጨዋወቱን ነው ማጥናት አለ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። ግን ሁለቱም ሲከራከሩ ገሸሽ ያደረጉት ነገር ነበር፤ ጆይስቲኩን የያዘው ሰውና የተቀመጠበት ቤት። አንቺ ልታጠኚ ያሰብሽው ደግሞ ልክ እሱን ነው።

እስቲ አንዱ ጋ ግቢና ቁጭ በዪ። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር። ሁለት ልጆች የኳስ ጌም ይጫወታሉ፣ ከኋላ የቆሙት ተራ ጠባቂዎች ናቸው። የጌሙ የእንግሊዝኛ ኮሜንታተር ድምፁ ተዘግቶ በምትኩ ሙዚቃ ተከፍቷል፤ ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ከኋላ የቆመው ልጅ ነው፣ በአማርኛ፣ አንዴ እያደነቀ አንዴ እየተሳደበ። የተሸነፈ ይከፍላል። አንዳንድ ቤት ደግሞ የተሸነፈ ይነሣል። ኳስ ሳትወጣ ፓውዝ ማድረግ ነውር ነው። ይሄን ሁሉ ሕግ ጌሙን የሠራው ኩባንያ አልጻፈውም፤ ያወጡት ልጆቹ ናቸው፣ የጣሰውንም የሚዳኙት እነሱ ናቸው፣ ሲከርር ብቻ ነው ባለቤቱ የሚገባው።

ፈረንሳዊው ሮዤ ካይዋ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ጨዋታን ውድድር፣ ዕድል፣ ማስመሰል እና ራስ ማዞር (ሕፃናት እየተሽከረከሩ የሚወድቁበት ዓይነት) ብሎ በአራት ከፈለው። ጨዋታ ሀብት አይፈጥርም፣ ገንዘብ ቢገባበት እንኳ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ ይላል። ታዲያ የተሸነፈው ልጅ የሚከፍለው ለአሸናፊው ሳይሆን ለቤቱ ባለቤት ሲሆንስ? ባለቤቱ በዚያ ብር የቤት ኪራይ ይከፍልበታል፣ ልጆቹን ያበላበታል። ለአንዱ ጨዋታ የሆነው ለሌላው እንጀራው ነው። ይሄ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሴቶቹስ የት ናቸው? ሶሲዮሎጂስቷ ቲ. ኤል. ቴይለር ኤቨርክዌስት የሚባለውን የኦንላይን ጌም ራሷ እየተጫወተች አጥንታ በ2006 ባሳተመችው መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥታዋለች። እዚያ ሴቶች ነበሩ፤ እንደሌሉ የቆጠራቸው ኢንዱስትሪው ነው። የባሕር ዳሩ መልስ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቤት ቁጭ ብለው በስልክ የሚጫወቱትን ጠይቂ፤ ጌም ቤት ገብተው ያውቁ እንደሆነ፣ ቢገቡ ማን ምን እንደሚላቸው። አንቺ ራስሽ ስትገቢ የሚሆነውንም በማስታወሻሽ ጻፊ፣ እሱም መረጃ ነው።

አጀማመር ላይ አንድ ቤት ምረጪ፣ ቢበዛ ሁለት። ለባለቤቱ ማን እንደሆንሽ ንገሪው። ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣውና በሥራ ቀን ጠዋት የሚመጣው ሰው አንድ አይደለም፣ ሁለቱንም እዪ። ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ልታነጋግሪ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ጉዳይ አለ፣ ከአማካሪሽ ጋር ቀድመሽ ጨርሺው። እባክሽን «በቀን ስንት ሰዓት ትጫወታለህ?» የሚል መጠይቅ ብቻ በትነሽ እንዳትመለሺ። ኮፐንሃገን ያለ ፕሮፌሰር ቀበሌ 14 ያለውን ጌም ቤት ሕግ ሊያውቀው አይችልም። አንቺ ካልጻፍሽው የሚጽፈው የለም።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ጌም ቤት ነው። አባቱ «ጌም ልጅን ጨካኝ ያደርጋል፣ ደግሞም ሱስ ነው» ይላል። እውነት ነው?
— እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱን ለይተን እንያቸው። ጭካኔውን በተመለከተ፣ በ2019 የታተመ አንድ የብሪታንያ ጥናት 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን 1,004 ልጆችና ወላጆቻቸውን ጠይቆ፣ ግጭት የበዛበት ጌም በመጫወትና በልጆቹ ጠበኝነት መካከል ዝምድና አላገኘም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ባወጣው አቋም መጮህና መገፋፋትን ከመሰለ ቁጣ ጋር መጠነኛ ዝምድና አለ፣ ለከባድ ጥቃት ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ልጅዎ የሚጫወተው ኳስ ከሆነ ደግሞ በዚህ በኩል ብዙም አይስጉ።

ሱሱን ግን አባቱ ዝም ብሎ አላመጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ምልክቶቹ መጫወቱን መቆጣጠር አለመቻል፣ ጌምን ከሌላው ነገር ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያመጣም አለማቆም ናቸው፤ ያውም ኑሮን በሚያናጋ ደረጃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል የቆየ ሲሆን። ድርጅቱ ራሱ ይሄ የሚገጥመው ጥቂቶችን ብቻ ነው ይላል። ከትምህርት በኋላ ጌም ቤት መሄድ በራሱ ሱስ አይደለም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከሰዓቱ ይልቅ ብሩን ነበር የምጠይቀው። የሚከፍለው ከየት አምጥቶ ነው? በጨዋታው ላይ ውርርድ አለ? አንድ ቀን ከአባቱ ጋር ጎራ ብላችሁ እዩት፣ ለመቆጣት ሳይሆን ለማየት። ማን እንደሚመጣ፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዴት እንደሚይዟቸው በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ከልጃችሁ ጋር የምታወሩት ወሬ ሌላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ገበጣም በዚህ ጥናት ውስጥ ይገባል?
— ወጣት፣ ከዘጌ

መልስ፦ ይገባል እንጂ! ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ስለ ገበጣ ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል፤ ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ከ100 በላይ ዓይነት አጨዋወት ሰብስበው። ዛሬ ገበጣ በስልክም አለ፣ ግን ስልኩ ላይ ያለው ፕሮግራመሩ የመረጠው ሕግ ነው። የዘጌው ስንት ረድፍ፣ ስንት ጉድጓድ ነው? በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር ይገባል? ተራ የሚያልፈው መቼ ነው? ሽማግሌዎቹን ጠይቅና ላክልኝ፣ በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።