ለሐይቁ ዳር ልጆች፦ ስለ አንድ መብራት

ባለፈው ሳምንት መብራት በጠፋበት ምሽት አንዲት የሰፈራችን ተማሪ በራችን ላይ ቆማ ሽቅብ እያየች፣ «ጋሼ፣ ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ እንደ ወተት የነጣው የከዋክብት መንገድ፣ እውነት በዓይን ይታያል? ወይስ ፎቶ ላይ ብቻ ነው?» አለችኝ። «ይታያል» ብያት ገባሁ። እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ። ዕድሜዬን ሰማዩን የሚያደበዝዘውን የሐዋሳን መንገዶች መብራት ስተክል የኖርኩ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝና።

1978 ዓ.ም. ነው፣ ሚያዝያ መጀመሪያ። ከተማዋን ያኔ አዋሳ እንላት ነበር። ሁዳዴ ነው፣ ጨረቃ የለችም። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ዓሣ አስጋሪ ሽማግሌ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንኳኩተው፣ «ተነስ፣ ጅራታሙ ኮከብ ወጥቷል» አሉኝ። እናቴ አልወደደችም። የ77ቱ ድርቅ ቁስል አልሻረም፣ ጅራታም ኮከብ ደግሞ የክፉ ዘመን ምልክት ነው ትል ነበር። ተደብቄ ወጣሁ። ሃሌይ የሚባለው፣ በየ76 ዓመቱ ገደማ የሚመለሰው ጅራታም ኮከብ ነው፤ ያን ሰሞን ለምድር እጅግ ቀርቦ ነበር። ከታቦር ተራራ በላይ እንደ ጭስ ደብዝዞ አየሁት። የቀረውን ሰማይ ግን አልረሳውም። የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ወደ ሐይቁ ዘንበል ብሏል፤ ፍኖተ ሐሊብ ከተራራው ጀርባ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ተዘርግቷል። ሽማግሌው መረባቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ዝም ብለው ቆሙ። እኔም ቆምኩ።

ከ16 ዓመት በኋላ በሐይቁ ዳር መብራት የማስተከል ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ክብ እንደ ኳስ ያሉ አምፖሎች መረጥኩ፤ ያምሩ ነበር። ግማሹ ብርሃን ሽቅብ ወደ ሰማይ እንደሚባክን አውቅ ነበር፤ ተምሬዋለሁ። ሽማግሌው አንድ ማታ መጡ፣ አርጅተዋል። «ልጄ፣ ይሄ መብራት መንገዱን ትቶ እኔን ነው የሚያየኝ። ውኃው ላይ ስሆን ዓይኔን ይወጋኛል። ቆብ ቢጤ አታደርግለትም?» አሉኝ። ላሜራው መኪናዬ ላይ ነበር፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በሠራተኞቼ ፊት፣ «አባባ፣ ከተማ ሲያድግ ብርሃን ይበዛል እንጂ አያንስም» አልኳቸው። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው መረባቸውን አስተካክለው ሄዱ። በዓመቱ ቀብራቸው ላይ ቆምኩ።

ስለ ትምህርት፣ ስለ ቁጠባ ሌሎች ይመክሯችኋል፤ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። የመብራት አናቱ ሽፍን ይሁን፣ ብርሃኑ ወደ መሬት ይውረድ። ኤልኢዲ ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ፤ ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፤ ከ3000 ኬልቪን በታች ያለው ቢጫማ ይሻላል። ነጩ ሰማያዊ ብርሃን ይበዛበታል፣ ሰማያዊ ደግሞ በአየር ላይ ይበልጥ ይበተንና ሰማዩን ያነጣዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የመብራት ብርሃን የሌሊቱን ሰማይ ምን ያህል እንዳነጣው የሚያሳይ የዓለም ካርታ እንዳመለከተው ከሰው ልጅ ሲሶው ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ቦታ ማየት አይችልም።

እናንተ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ፍቅር ሐይቅ በምንለው የሐይቁ ዳርቻ ፀሐይ ስትገባ ስልካችሁን ታነሳላችሁ፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን የሚቀር አላይም። ይህን ስል ጨለማ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። ልጄ ከማታ ፈረቃ ስትመለስ በጨለማ መንገድ እንድትሄድ አልፈልግም፤ ምሰሶ ይተከልልን ብዬ ቀበሌ ድረስ የተመላለስኩት እኔው ነኝ። ዛሬም ብሆን እተክል ነበር።

ያ የሐይቁ ዳር መብራት አሁንም ቆሟል፤ አምፖሉ በነጭ ተቀይሯል። የቤቴን በር መብራት ትናንት በላሜራ ከለልኩት። ያቺን ልጅም ጠርቼ በግድግዳው ጥላ ውስጥ አቆምኳት፤ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ፍኖተ ሐሊብ አልታየም፤ የጎረቤት መብራት በዛብን። የደቡብ መስቀልን ግን በጣቴ አሳየኋት።

ሃሌይ በ2053 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ይመለሳል። ክረምት ነውና ደመና ሊጋርደው ይችላል። እናንተ ትደርሱበታላችሁ፤ ሰማዩ ከገለጠ የጎረቤታችሁን ልጅ ቀስቅሱት።