«ሕያው ብርጭቆ» ወይስ ባዮአክቲቭ መስታወት?

ጥያቄ፦ አዳማ የምኖር የማቴሪያል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለአጥንት ሕክምና ስለሚውል መስታወት ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የሚያነቡት አንድ ገጽ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሕያው የብርጭቆ እንክብል በሰውነት ውስጥ ቀልጦ አጥንትን ይተካል» ብዬ ብጽፍ ጓደኞቼ «ብርጭቆ» በሚለው ሳቁ። ትክክለኛው ቃል የቱ ነው? «ሴራሚክ»ንስ «ሸክላ» ልበለው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የሳቁበት ቃል በዐረፍተ ነገሩ ካሉት ስሕተቶች ትንሹ ነው። እኔን ያሳሰበኝ «ቀልጦ» የሚለው ነው። ስም ከውጭ ብንዋስ አንባቢ ይለምደዋል፤ ግሱ ከተሳተ ግን ነገሩ ሁሉ ይዛባል።

መቅለጥ በሙቀት ነው፣ መሟሟት በፈሳሽ። ቅቤ ድስት ውስጥ ይቀልጣል፣ ጨው ወጥ ውስጥ ይሟሟል። «ስኳሩ ቀለጠ» የሚልም አይጠፋም፤ ሻይ ላይ ማንንም አያሳስትም። እዚህ ግን ሁለቱም በአንድ ቁስ ላይ በተለያየ ጊዜ ይደርሳሉ። መስታወቱ ሲሠራ 1,350 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት በፕላቲነም ማቅለጫ ውስጥ ይቀልጣል። ሰውነት ውስጥ ያለው ሙቀት ግን 37 ዲግሪ ነው። «ይቀልጣል» የተባለ ታካሚ «እግሬ ውስጥ ሊግል ነው» ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም።

በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። ከመስታወቱ ገጽ ሶዲየም እየወጣ በምትኩ ሃይድሮጂን ይገባል። ገጹ ላይ ሲሊካ (የመስታወት ዋናው ቁስ) የበዛበት፣ እንደ ጄል ያለ ስስ ሽፋን ይቀራል። በዚያ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ይከማቻሉ፤ ክምችቱም እየቆየ ካርቦኔት ያለበት ሃይድሮክሲአፓታይት ይሆናል። ይህ የአጥንታችንን ማዕድን በጣም ስለሚመስል አጥንቱ እንደ ባዕድ ሳያየው ይያያዘዋል። ስለዚህ «ይሟሟል» እና «ከአጥንት ጋር ይያያዛል» ይበሉ። «ይጣበቃል» ማስቲሽ ያስመስለዋል፤ በመካከል ግን ማጣበቂያ የለም።

ሦስተኛም ግስ ያስፈልግዎታል። ዱቄቱን ሳያቀልጡ በሙቀት እርስ በርሱ እንዲያያዝ ማድረግ ሲንተሪንግ ይባላል። ይህንንም «ማቅለጥ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ የሸክላ ሠሪዋ ጀበና እሳት ውስጥ ጠነከረ እንጂ አልቀለጠም። ልዩነቱ ለባለሙያም ይጠቅማል፦ ይህ መስታወት ሲንተር ሲደረግ በከፊል ወደ ክሪስታል ሊለወጥ ይችላል፤ ያኔ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር የሚያደርገው ግብረ መልስ ይዘገያል።

«ሕያው»ን ይተዉት። መስታወቱ አይተነፍስም፣ አያድግም። ባዮአክቲቭ የተባለው አሁን በገለጽኩት የገጽ ለውጥ ከሕያው አካል ጋር ስለሚያያዝ ነው። «ንቁ» ብለው የተረጎሙ አሉ፤ በአማርኛ ግን ንቁ የሚባለው ያልተኛ፣ ልብ ያለው ሰው ነው። መጀመሪያ ሲመጣ «ባዮአክቲቭ የሚባለው፣ ከአጥንት ጋር የሚያያዝ መስታወት» ብለው ይፍቱት፤ ከዚያ በኋላ ባዮአክቲቭ ብቻ ይበቃል።

ብርጭቆ በአዳማም በሌላውም ከተማ መጠጫው ነው፤ ጠርሙስም መያዣው። ለቁሱ የቀረበው ስም መስታወት ነው፤ የመስኮትም የመኪናም እንላለንና። ፊት የምናይበትም መስታወት መባሉ ያምታታ ይሆናል፤ በግዕዝ ፊት ማያው «መጽሔት» ነበር፣ ዛሬ ቃሉ ለኅትመት ስለዋለ መመለሻ የለውም። ብቻውን «መስታወት» ግን አይበቃም። ተመራማሪው ላሪ ሄንች በ1969 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሠራው፣ 45ኤስ5 የተባለው ባዮአክቲቭ መስታወት በክብደት 45 በመቶ ሲሊካ፣ 24.5 ካልሲየም ኦክሳይድ፣ 24.5 ሶዲየም ኦክሳይድ፣ 6 ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ ነው። የመስኮት መስታወት ሲሊካው 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በማቅለጥ የተሠራ መስታወት ሲሊካው ከ60 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ ከአጥንት ጋር አይያያዝም። «የተሰበረ መስኮት ፈጭተን እንጠቀም» የሚል አንባቢ እንዳይኖር ይህን ቢጽፉ መልካም ነው። ሲሊካንም ሲልኮን ብለው እንዳይጽፉት፤ ሲልኮን በሕንጻ መሣሪያ መደብር በቱቦ የሚሸጠው ማሸጊያ ነው።

እዚያው መደብር «ሴራሚክ በካሬ ስንት ነው?» ሲባል የወለል ንጣፍ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ «ሴራሚክ»ን ይያዙ። ሸክላ ከጭቃ የሚሠራ ነው፤ ለአጥንት የሚውሉት ሴራሚኮች፣ ሃይድሮክሲአፓታይትና ትራይካልሲየም ፎስፌት፣ ግን ጭቃ የላቸውም፣ ካልሲየም ፎስፌት ናቸው። «ለአጥንት የሚሆን ሴራሚክ» ካሉ ከንጣፉ ጋር የሚያምታታ የለም።

«እንክብል» አደገኛ ነው። ታካሚው የሚዋጥ መድኃኒት መስሎት ውሃ ይጠይቃል። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና አጥንቱ ውስጥ ባዶ ቦታ የሚሞላበት ስለሆነ «ቅንጣት» ይበሉት።

«ይተካል» ደግሞ ከሚገባው በላይ ተስፋ ይሰጣል። መስታወቱ በቀላሉ ስለሚሰበር የሰውነትን ክብደት ብቻውን አይሸከምም፤ ክፍተት ይሞላል፣ አጥንት የሚያድግበትንም ቦታ ያመቻቻል። «ይጠግናል»ም አይበሉ፤ መጠገን የሐኪሙና የወጌሻው ሥራ ነው፤ የተሰበረው አጥንት ራሱ ሲድን «ገጠመ» ይባላል። ጎድሎ የነበረው ሲሞላ «አጥንቱ እንደገና አደገ» ይበሉ።

ስለ ስካፎልድ፣ ማለትም አጥንት እንዲያድግበት ስለሚደረገው ባለ ቀዳዳ ድጋፍ፣ መጻፍዎ ስለማይቀር አንድ ነገር ልጨምር። «ርብራብ» ይሆናል፤ ግንበኛው የሚቆምበትን ስለሚያስታውስ ነገሩ ይገባል። ቀዳዳዎቹን ከእንጀራ ዓይን ጋር ያመሳሰለ ጽሑፍ ቢያነቡ ግን ይጠንቀቁ፤ የእንጀራ ዓይን ከላይ ተከፍቶ ከሥር የተዘጋ ነው። የርብራቡ ቀዳዳዎች አንዱ ወደ ሌላው ማስተላለፍ አለባቸው፣ ስፋታቸውም ከ100 ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ) በላይ ቢሆን ይመረጣል። ያለዚያ ሴልና የደም ሥር ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ «እርስ በርስ የሚገናኙ ቀዳዳዎች» ብለው በግልጽ ይጻፉ።

ዐረፍተ ነገርዎን እንዲህ አቃንቼዋለሁ፦ «ባዮአክቲቭ የሚባለው፣ ከአጥንት ጋር የሚያያዝ መስታወት በቅንጣት መልክ በጎደለው ቦታ ይሞላል፤ በሰውነት ፈሳሽ ቀስ በቀስ እየሟሟ አጥንቱ በቦታው እንደገና እንዲያድግ ይረዳል።»