የላም ቁስል እንዳያመረቅዝ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ይረዳሉን?

ጥያቄ፦ ላሜን ሽቦ አጥር ጭኗ ላይ ቀደዳት። ቀደም ሲል ሌላዋ ላሜ ተመሳሳይ ጉዳት ሲደርስባት ከካፕሱል ያወጣሁትን የቴትራሳይክሊን ዱቄት ብነሰንስበትም ቁስሉ ከማመርቀዝ አልዳነም። አሁን ነጭ ሽንኩርት ወይም ጦስኝ ብጠቀም ይከላከልልኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ዱቄቱን እንዲተዉት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። በግምት የተነሰነሰ መድኃኒት ወደ ቁስሉ ጥልቀት በበቂ መጠን ስለማይደርስ፣ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ የተላመዱትን እንዲራቡ ያደርጋል። ባክቴሪያ መድኃኒትን በፍጥነት እንደሚላመድ ለማሳየት፣ ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ (ቁስልን የሚያመረቅዝ የባክቴሪያ ዓይነት) እ.ኤ.አ. በ1961 የታወቀው ሜቲሲሊን ሥራ ላይ በዋለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነበር።

በዕፅዋት ላይ ያለዎት እምነት መሠረት አለው። በጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚገኙት ታይሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያውን ሽፋን ስለሚያፈርሱ፣ መድኃኒት የተላመዱትን ጭምር በቤተ ሙከራ ይገድላሉ። ይበልጥ የሚያስደንቀው በሌሎች ዕፅዋት የሚገኘው ቤርቤሪን የተባለው ቢጫ ንጥረ ነገር ነው፤ ስታፊሎኮከስ ይህን ንጥረ ነገር በሽፋኑ ላይ ባለ ፓምፕ ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ነገር ግን ቤርቤሪን ከሚያመርቱ ዕፅዋት አንዳንዶቹ ያንኑ ፓምፕ የሚዘጋ ሌላ ንጥረ ነገር አብረው ይሠራሉ። የነጭ ሽንኩርቱ አሊሲን በበኩሉ የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቅ ሲሆን ቶሎ ይበላሻል።

ይሁን እንጂ ቁስል እንደ ቤተ ሙከራ ሳህን አይደለም። ደምና መግል ንጥረ ነገሮቹን ያዳክማሉ፤ ባክቴሪያዎቹም ተጣብቀው በሚሠሩት ዝልግልግ ሽፋን ሥር ይሸሸጋሉ። ስለዚህ የተደቀቀ ነጭ ሽንኩርት አያስሩበት፣ ቆዳን ያቃጥላል፤ ያልተበረዘ የጦስኝ ዘይትም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ እጥበት ነው። ጓንት አድርገው በዙሪያው ያለውን ፀጉር ይሸልቱ፤ ከዚያም በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 9 ግራም ጨው አሟሙተው፣ አፈሩና የረጋው ደም እስኪወጣ ድረስ በብዙ ውኃ ይጠቡ። በዚህ ላይ ለቁስል ተብሎ ከተህዋስያን የጸዳ ማር በስሱ ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይቻላል፤ ከአበባ የተገኘው ይህ ስኳር ከቁስሉ እርጥበት ይስባል፣ አሲድነቱም ባክቴሪያን ያዳክማል። ያልጸዳ ማር ግን ክሎስትሪዲየም የተባለ አደገኛ ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ስለሚችል አይጠቀሙበት። ዝንብ እንዳያርፍበትም ይጠንቀቁ።

የቁስሉ ጥልቀት አጥንት ወይም መገጣጠሚያ ከደረሰ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ዳር ዳሩ ሲጫኑት ከቆዳው ሥር ከተንኮሻኮሸ ወይም የላሟ ሙቀት ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ፣ ዕፅዋትም ማርም አይበቁም፤ ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። ቀድሞ የተጠቀሙበትን ቴትራሳይክሊን ይንገሩት፤ ማንኛውም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊትም ከቁስሉ ናሙና ወስዶ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ እንዲያስመረምር ይጠይቁት።