«ማሽኑ ነው የወሰነው» ማለት ከተጠያቂነት ያድናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ብድር በሚሰጥ ተቋም የማመልከቻ አጣሪ ነኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለእያንዳንዱ አመልካች ነጥብ ይሰጣል፤ ከማለፊያው በታች የሆነውን እኔ «አልተፈቀደም» ብዬ እፈርማለሁ። ውሳኔው የማሽኑ ሆኖ ሳለ ኃጢአቱ እኔን ያገኘኛል? መንግሥታት የሚያወጡት የቁጥጥር ሕግስ የእምነት ሰውን ምን አገባው?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለዚህ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ 666 ነው የሚጠይቀኝ። ያንተው ይሻላል። ግን «ማሽን ወገን የለውም፤ እኔም እጄ የለበትም» የሚለውን አሳብ ደጋግሜ ስለሰማሁት እዚያ ላይ ልቆይ።

አሮን ሙሴ በተቆጣው ጊዜ ምን አለ? ወርቁን ሰጡኝ፤ በእሳት ጣልሁት፤ ይህም ጥጃ ወጣ (ዘጸ. 32፥24)። ከፍ ብለህ ቁጥር 4ን አንብብ፤ በመቅረጫ የቀረጸው እርሱ ራሱ ነው። ነጥቡም እንዲያው ከእሳት አልወጣም። ማሽኑ በየትኞቹ የቆዩ ፋይሎች ይማር፣ ማለፊያው የት ላይ ይሁን የሚለውን ሰው ቆርጦታል። ማለፊያው ከፍ ሲል ከፋዩ በከንቱ ይመለሳል፤ ዝቅ ሲል የማይከፍለው ይገባል። ሁለቱን ባንዴ የሚያጠፋ ቁጥር የለም።

የቀድሞ አጣሪዎች የአንድ ሰፈር ሰው ሲመጣ ፊታቸውን ያጠቁሩ ከነበረ፣ ማሽኑ ያንን እንደ ሙያ ይማረዋል። ዘርና ስም ከቅጹ ቢሰረዝ እንኳ አድራሻውና የሥራው ዓይነት ያንኑ ይነግሩታል። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ የተከለከለ ሰው ቢሰጠው ኖሮ ይከፍል እንደነበር የትም አይመዘገብም። ስለዚህ ማሽኑ በከለከላቸው ላይ የሠራውን ስህተት የሚያይበት ዓይን የለውም። በኔዘርላንድስ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት መዋያ ድጎማን ያጣራበት የስጋት መለያ፣ ማለትም አጠራጣሪውን አመልካች የሚለየው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ዜግነትን ይቆጥር ነበር፤ ብዙ ወላጆች ሳይበድሉ አጭበርባሪ ተብለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ መልሱ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 መንግሥት በዚሁ ሳቢያ ሥልጣን ለቀቀ።

ሕጉን በተመለከተ፣ አዲስ ቤት የሠራ ሰው እንዳይወድቅበት በጣራው ዙሪያ መከታ ያድርግ ተብሏል (ዘዳ. 22፥8)። መከታ የሚሠራው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያወጣው ሕግ የሰውን ብድር የመክፈል አቅም የሚመዝን ሥርዓትን ከከፍተኛ ስጋት መድቦ፣ ሰው እንዲቆጣጠረው ያዛል፤ ተቆጣጣሪው ማሽኑን አጉል ወደ ማመን እንዳያዘነብልም ያሳስባል። ያ «ተቆጣጣሪ» የተባለው ያንተን ወንበር የመሰለ ላይ የሚቀመጠው ነው።

እንግዲህ ነጥቡን ከማየትህ በፊት ሰነዱን አንብበህ አስተያየትህን ጻፍ። ነጥቡን አስቀድሞ ያየ ሰው የሚያነበው ለነጥቡ ማስረጃ ፍለጋ ነውና። ከማሽኑ ስትለይ ምክንያቱን መዝግብ። በወር መጨረሻ ስንት ጊዜ እንደተለያያችሁ ቁጠር፤ ከ200 ፋይል አንድም ካልተገኘ አጣሪ ሳትሆን ማህተም ሆነሃል። ለተከለከለው ሰው «ሲስተሙ አልተቀበለም» አትበለው፤ ምክንያቱንና አቤት የሚልበትን ቦታ ንገረው። ጉድለት ስታይ ለአለቃህ በጽሑፍ አስታውቅ። የተዋጊ በሬ ባለቤት ዕዳው የሚከብድበት አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ሲቀር ነው (ዘጸ. 21፥29)፤ በቃል ብቻ የተነገረን ግን «አልሰማሁም» ማለት ቀላል ነው።

እስከ ዛሬ ሳታነብ የፈረምህበትን ለንስሐ አባትህ ንገር፤ በዚያ ግን አይብቃህ። ዘኬዎስ የወሰደውን መልሷል። ፋይሎቹ እንደገና እንዲታዩ ጠይቅ። ሁሉንም አንችልም ካሉህ፣ ከማለፊያው በጥቂት ነጥብ ብቻ ከወደቁት ጀምሩ፤ ማሽኑ ይበልጥ የሚያመነታው እዚያ ነው።