ውል ከመፈረሙ በፊት ማን ይጠየቅ? የጎንደር አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደረሱን ጥያቄዎች በመንግሥትና የግል አጋርነት፣ ማለትም መንግሥት ከግል ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ስለሚያሠራቸው የመሠረተ ልማት ሥራዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ በአጋርነት ለማሠራት እያጠናን ነው። የባለድርሻዎቹ ዝርዝር ረጅም ነው፤ ከማን እንጀምር? (ከማራኪ)

መልስ፦ በመሥሪያ ቤት ስም አይደርድሩ። የማን ፊርማ ከጠፋ ሥራው ይቆማል? የማን ይዞታ ወይም እንጀራ ይነካል? ማን ይከፍላል? ብለው ይለዩ። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት ተራ አስከባሪዎች፣ ጫኝና አውራጆች፣ የባጃጅ ሾፌሮችና ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ናቸው። ካሳ የሚያሰጥ ሰነድ ስለሌላቸው ጥናቱ አያያቸውም፤ ወሰን ማስከበሩ (ቦታውን ለሥራው ነጻ ማድረጉ) የሚጓተተው ግን በእነሱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በአዘቦትም በገበያ ቀንም፣ ጠዋትና ማታ ቦታው ላይ ቁጠሯቸው። ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ተጠሪ፣ የጠየቀውን ነገርና መልስ የሚያገኝበትን ቀን ይመዝግቡ።

ይህ ሁሉ ከጨረታ በፊት ይለቅ። የፌዴራሉ የአጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 የአዋጭነት ጥናት ስለሚጠይቅ ምክክሩን ከጥናቱ ጋር ያስኪዱት። ከፊርማ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ የውል ለውጥ ይሆናል፤ ኩባንያው ተጨማሪ ዋጋና ጊዜ ይጠይቅበታል፣ ለሥራው ገንዘብ ያበደረው ወገንም ይሁንታ መስጠት ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ በስብሰባ ላይ ለሰፈሩ ወጣቶች ሥራ ይሰጣል ተብለን ነበር። ኩባንያው አላውቅም ይላል። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ኩባንያው የሚገደደው በውሉ ነው፤ ቃለ ጉባኤው አያስገድደውም። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ይዛችሁ ቃሉን የሰጠውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ውሉን በድርድር ማሻሻል ወይም በራሱ በጀት መፈጸም የእሱ ድርሻ ነው። ለወደፊቱ የጨረታ ሰነዱ ስንት ሠራተኛ፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ በየስንት ጊዜው ሪፖርት፣ ካልተፈጸመ ምን ቅጣት እንዳለ ይናገር። «ቅድሚያ ይሰጣል» የሚል አንቀጽ ማንንም አይዝም። አንቀጽ ሊገኝለት ያልቻለን ቃል ደግሞ ለሕዝቡ ተመልሶ «አይሆንም» ማለት ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ የውሃ አገልግሎት ለግል ኩባንያ ቢሰጥ ዋጋው አይንርም? (ከአራዳ)

መልስ፦ ስጋታችሁ ተገቢ ነው። በቦሊቪያ፣ ኮቻባምባ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 ውል ተፈርሞ አገልግሎቱ ሳይሻሻል ታሪፉ ስለጨመረ ሕዝቡ ተቃወመ፤ በሚያዝያ 2000 ውሉ ፈረሰ። በታንዛኒያዋ ዳሬ ሰላምም እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ውል በ2005 ተቋርጧል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ ታሪፉ በምን ቀመር ይስተካከላል? ማን ያጸድቀዋል? የብር ምንዛሪ ሲቀንስ ጫናው በማን ላይ ይወድቃል? ከቦኖ የሚቀዳ ሰው ስንት ይከፍላል?

በጎንደር ሌላም አለ። ለከተማዋ ውሃ የሚያቀርበው አንገረብ ግድብ ደለል የሚገባበት ከላይ ካለው ተፋሰስ ነው። ውሃው ሲቀንስ ኃላፊው ማን እንደሆነ ውሉ ካልለየ ሁለቱም ወገኖች በዝናብ ያመካኛሉ። ተዳፋቱን የሚያርሱት ገበሬዎች የውሃ ሂሳብ ባይከፍሉም የዚህ ሥራ ዋና ባለድርሻ ናቸው፤ የእርከንና የችግኝ ወጪ በውሉ ውስጥ በጀት ይያዝለት።

ጥያቄ፦ ፋሲል ግቢ አካባቢ ስንቆፍር ቅርስ ቢወጣስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ቁፋሮውን አቁማችሁ፣ ቦታውን አጥራችሁ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ያዛል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ የሚባክነው ቀን በማን ሂሳብ እንደሚቆጠር በውሉ ይጻፍ። ታቦታት በሚያልፉባቸው መንገዶች ላይ ያሉ ጉድጓዶችም ከጥር 10 በፊት ተሞልተው እንዲጠናቀቁ አድባራቱን አነጋግራችሁ የሥራ መርሐ ግብሩን አስተካክሉ።