ባሕር በሌለበት ከተማ መርከብ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ ካናዳ፣ ዊኒፔግ የሚባል ከተማ ነው የሚኖረው። በሳምንት አንድ ምሽት ስደውልለት «መርከብ ላይ ነኝ አክስቴ፣ ቆይቼ ልደውልልሽ» ይለኛል። ካርታ አስከፍቼ ባይ ከተማው ባሕር የለውም። ልጁ ምን እየደበቀኝ ነው?
(ከታቦር፣ ሀዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አልደበቀሽም። ያለው ቺፓዋ በሚባለው የተጠባባቂ ባሕር ኃይል ማሰልጠኛ ነው፤ ተጠባባቂ ማለት የራሱን ሥራ እየሠራ በትርፍ ጊዜው የሚሰለጥን መርከበኛ ነው። ቺፓዋ አሲኒቦይን ወንዝ አጠገብ የቆመ ሕንፃ ነው፤ አይንሳፈፍም። በወግ ግን መርከብ ነው። የሚጠራው በመርከብ ስም ነው፣ ከበሩ የወጣም ሰው «የብስ ወረደ» ይባላል።

ወጉ የእንግሊዞች ነው። በድሮው ሕጋቸው ስሙ በአንድ መርከብ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው በባሕር ኃይል ሥርዓት አይዳኝም ነበር። ስለዚህ የብስ ላይ ያለውንም ጣቢያ መርከብ ብለው መዘገቡት። በ1804 እንዲያውም ካሪቢያን ውስጥ ያለች ዳይመንድ ሮክ የምትባል አለት ላይ መድፍ ጎትተው አወጡና እሷንም መርከብ አሏት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ የካናዳዎቹ ታሪክ ነው። በ1922 መንግሥት በጀት ቆረጠና ባሕር ኃይሉ ሊከስም ደረሰ። አዛዡ ዋልተር ሆዝ የተረፈችውን ገንዘብ ወደብ ላይ ብቻ አላዋላትም። በ1923 በየከተማው የበጎ ፈቃድ ተጠባባቂ ክፍሎች አቋቋመ። ስንዴ እንጂ ማዕበል የማያውቁት ዊኒፔግ፣ ሬጂናና ካልጋሪ ሳይቀሩ ደረሳቸው። ሕዝብ ለማያውቀው ባሕር ኃይል ማን ይቆረቆራል? ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የካናዳ ትልልቅ የጦር መርከቦች 6 ዲስትሮየሮች ብቻ ነበሩ። እስኪያበቃ ድረስ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው አገልግሎበታል፤ አብዛኛውም የገባው በነዚሁ ተጠባባቂዎች በኩል ነው። ዛሬ 24 ክፍሎች አሏቸው።

እኔ ምጽዋ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። የእኛም የባሕር ኃይል ኮሌጅ በ1956 የተቋቋመው አስመራ ነበር፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ። መርከበኛ የሚሠራው የብስ ላይ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚያስጨብጡን ገመድ ነበር። ቦውላይን የሚባለውን ቋጠሮ ልንገርሽ፦ ገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ትሠሪያለሽ፣ ጫፉን ከሥር በቀለበቱ ታወጪዋለሽ፣ በዋናው ገመድ ጀርባ ታዞሪውና በዚያው ቀለበት ትመልሺዋለሽ። ስትጎትቺው ይጠብቃል፣ እንደ ሸምቀቆ ግን አያንቅም። ባሕር የወደቀ ሰው በብብቱ ሥር ታስሮ የሚወጣው በሱ ነው። ስለዚህ መብራት አጥፍተው፣ በረጠበ ገመድ ያስቋጥሩን ነበር።

አሁን ባሕር ኃይላችን እንደገና እየተደራጀ ነው። እንደ ሀዋሳ ያለ ሐይቅ ያለው ከተማ የራሱ ተጠባባቂ ክፍል ቢኖረው ከልቤ እመኛለሁ። አሞራ ገደል ጀልባ ላይ ያደጉ ልጆች ግማሹን ትምህርት ከወዲሁ ያውቁታል።

ልጁ ሲደውል ቦውላይን በአንድ እጁ ማሰር ይችል እንደሆነ ጠይቂውና ጻፊልኝ።